የናይጄሪያ እንግሊዝኛ ማኅተሙን ከማን ይቀበላል?

በ2020 መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት 29 የናይጄሪያ ቃላትንና አባባሎችን ባንዴ አስገባ። የሌጎሱ ቢጫ ሚኒባስ «ዳንፎ» ገባ። ሰው የሚያመላልሰው ሞተር ሳይክል «ኦካዳ» ገባ፤ ስሙን ያገኘው ኦካዳ ኤር ከሚባል የአገሩ አየር መንገድ ነው። መንገድ ዳር ምግብ የምትሸጥ ሴት «ማማ ፑት» ትባላለች፤ ደንበኛው ሳህኑን ይዞ «ማማ፣ ይሄን አድርጊልኝ፣ ያንን ጨምሪልኝ» ስለሚላት የወጣ ስም ነው፤ እሷም ገባች። ውጭ አገር አገልግሎ የመጣ ዕቃ «ቶኩንቦ» ነው። ከነገ ወዲያ ለማለት ደግሞ «ኔክስት ቱሞሮ» ይላሉ።

ወሬው «የናይጄሪያ እንግሊዝኛ ዕውቅና አገኘ» ተብሎ ዞረ። እኔ ግን ይሄ አነጋገር ሰውን ያሳስታል ባይ ነኝ። መዝገበ ቃላት ውስጥ መግባት አንድ ነገር ነው፤ የአንድ አገር እንግሊዝኛ በራሱ እግር መቆሙ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን ኦክስፎርድ መስጠት አይችልም፤ ለማንም ሰጥቶም አያውቅም።

መጀመሪያ ነገር፣ እንግሊዝኛ ባለቤት የሆነ መሥሪያ ቤት የለውም። ፈረንሳዮች ከ1635 ጀምሮ ቋንቋቸውን የሚጠብቅ አካዳሚ አላቸው። እንግሊዝ አገርም በ1712 ጆናታን ስዊፍት ተመሳሳይ ነገር ይቋቋም ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሳይሳካለት ቀረ። ስለዚህ «ከዛሬ ጀምሮ የእንትን አገር እንግሊዝኛ ብለን ተቀብለናል» ብሎ ማኅተም የሚመታ ማንም የለም።

ታዲያ እንዴት ነው አሜሪካኖቹ የራሳቸው እንግሊዝኛ አላቸው የሚባለው? ነጻነታቸውን በ1776 አወጁ። ከሰባት ዓመት በኋላ ኖህ ዌብስተር የሚባል አስተማሪ ለሕፃናት የፊደልና የንባብ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ በሚሊዮኖች ተሸጠ። ልጆች ማንበብ የተማሩት ከለንደን በመጣ መጽሐፍ ሳይሆን በእሱ ነው። ዛሬ «ከለር» የሚለውን ቃል አሜሪካኖች ያለ «ዩ» የሚጽፉት ከዚሁ ሰው ሥራ የተነሳ ነው። በ1828፣ ዕድሜው 70 ሲደርስ፣ 70 ሺህ ያህል ቃላት የያዘ ትልቅ መዝገበ ቃላት አሳተመ። እንግዲህ አስቡት፤ ከትንሿ የልጆች መጽሐፍ እስከ ትልቁ መዝገብ 45 ዓመት ነው የለፋው። በሌላ በኩል የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በ1923 ሕግ አውጥቶ «የመንግሥታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ሳይሆን አሜሪካንኛ ነው» አለ። ሕጉ በ1969 ተለውጦ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው ተባለ። ዛሬ ያንን ሕግ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። የዌብስተር ሥራ ግን እስካሁን በየልጁ ደብተር ላይ አለ።

አውስትራሊያ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ከሥር ከመሠረቱ የሚታየው እዚያ ነው።

የመጀመሪያዎቹ እስረኞችና ወታደሮች ሲድኒ የደረሱት በ1788 ነው። አዲስ አገር፣ አዲስ እንስሳ፣ አዲስ ዛፍ። ቃል ያስፈልጋል። ከነባሮቹ ሕዝቦች ቋንቋ ተዋሱ፤ ካንጋሩ የሚለው ራሱ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1770 የካፒቴን ኩክ ሰዎች ከጉጉ ይሚድር ተናጋሪዎች ሰምተው የመዘገቡት ነው። ቃል መዋስ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የመጣው እዚያው የተወለዱት ልጆች ከወላጆቻቸው የተለየ አነጋገር ይዘው ሲያድጉ ነው። የእንግሊዝን አነጋገር ልክ አድርጎ የሚያይ ሰው ያንን ሲሰማ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ተበላሸ። ይሄ ስሜት መቶ ዓመት አልፎትም አልሞተም። የአገሪቱ ብሔራዊ ሬዲዮ በ1932 ሲቋቋም ዜና አንባቢ ሆኖ መቅረብ የሚችለው አነጋገሩ የለንደን ሰው የሚመስል ነበር። አውስትራሊያዊ ለአውስትራሊያዊ ዜና ሲያነብ የሌላ አገር ሰው ድምፅ ይዋሳል ማለት ነው። በ1950 ኤ. ኤ. ፊሊፕስ የሚባል ሜልቦርን ያለ ሐያሲ ለዚህ በሽታ ስም አወጣለት። የባህል መሸማቀቅ አለው፤ የራስን ነገር ሁሌ በእንግሊዞች ዓይን እያዩ ማፈር።

ይሄን የሰበረው ምንድን ነው? በአብዛኛው ትዕግሥት ያለው ጥናት ነው። በ1940ዎቹ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ሚቼል «ይሄ አነጋገር ብልሽት አይደለም፣ ሥርዓት ያለው የራሳችን አነጋገር ነው» ብሎ ተነሳ። የተባለውን ሁሉ ተባለ። በ1960ዎቹ ከአርተር ዴልብሪጅ ጋር ሆኖ በመላ አገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ድምፅ አስቀረጹ። ያገኙት ነገር ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነበር። አነጋገሩ የተማረና ያልተማረ ተብሎ ለሁለት የሚከፈል ሳይሆን በሦስት የሚታይ ሆኖ ተገኘ፦ አንደኛው ወፍራሙ የአገር ቤት አነጋገር፣ ሌላኛው ወደ እንግሊዝ የሚጠጋው፣ በመሃል ደግሞ አብዛኛው ተማሪ የሚናገረው። ያ መሃለኛው ከዳር እስከ ዳር፣ ከሲድኒ እስከ ፐርዝ፣ የሚገርም ተመሳሳይነት ነበረው። አገራዊ አነጋገር አለ ማለት ነው፤ ማስረጃው ቴፕ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ በ1981 ያው አርተር ዴልብሪጅ በዋና አዘጋጅነት የመራው የማኳሪ መዝገበ ቃላት ወጣ። የዚህ መዝገብ ትልቁ ነገር፣ ለእኔ፣ የቃላቱ ብዛት አይደለም። ድሮ አውስትራሊያዊ ቃል ለንደን በታተመ መዝገብ ውስጥ ከተገኘ አጠገቡ «አውስትራሊያ» የሚል ምልክት ይለጠፍበት ነበር፣ እንግዳ መሆኑን ለማሳወቅ። ማኳሪ የተነሳው ከራሱ አገር ሆኖ ነው። የቤቱ ቃል ያለ ምልክት ተቀመጠ፤ «የእንግሊዝ» ወይም «የአሜሪካ» የሚል ምልክት የተለጠፈበት የሌላው ቃል ሆነ። እኔ ዕውቅና የምለው ይሄንን ነው። ከ1788 እስከ 1981 ብትቆጥሩ 193 ዓመት ነው፤ የመንግሥት የቋንቋ ፖሊሲ የመጣው ደግሞ ከዚያ በኋላ በ1987 ነው። መንግሥት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ መድረሱን ልብ በሉ።

ኤድጋር ሽናይደር የሚባል ጀርመን አገር ያስተማረ የቋንቋ ምሁር ከብሪታንያ የወጡ አገሮችን እንግሊዝኛ አስተያይቶ ጉዞው በየአገሩ የሚመሳሰል መሆኑን ጽፏል። ከጽሑፉ አንድ ነገር በጣም እወዳለሁ። በየአገሩ አንድ ጊዜ ላይ ማማረር ይበዛል፤ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ይጻፋል፣ «ልጆቻችን እንግሊዝኛ ገደሉት» ይባላል። ይሄ ማማረር ራሱ ምልክት ነው። ሰው የሚያማርረው አዲሱ አነጋገር በዝቶ፣ ሥር ሰዶ፣ የተማረውም ሰው አፍ ውስጥ ሲገባ ነው። ጥቂት ሰው ብቻ የሚሳሳተውን ስህተት ማን ደብዳቤ ይጽፍበታል?

ወደ ናይጄሪያ እንመለስ። እዚያ ነገሩ ይወሳሰባል፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛ ለአብዛኛው ናይጄሪያዊ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። አገሪቱ ውስጥ ከ500 በላይ ቋንቋዎች አሉ። የ1999ኙ ሕገ መንግሥት የፌዴራሉ ምክር ቤት ሥራውን በእንግሊዝኛ እንደሚያካሂድ ይደነግጋል፤ በሐውሳ፣ በኢግቦና በዮሩባም ይቻላል፣ ዝግጅቱ ሲሟላ። የካኖ ሐውሳና የኤኑጉ ኢግቦ አንድ ቢሮ ውስጥ ሲገናኙ የሚግባቡት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአንድ አገር እንግሊዝኛ የሚወለደው ሰዎቹ ከፈረንጅ ጋር ሲያወሩ አይደለም፤ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ ነው። ፈረንጅ ከሌለበት የሚያርም የለም፣ ማረምም አያስፈልግም፤ «ኔክስት ቱሞሮ» ሲባል ሁሉም ከነገ ወዲያ መሆኑ ገብቶታል።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ስለ ፒጂን፣ ማለትም ከእንግሊዝኛና ከአገሬው ቋንቋዎች ተቀላቅሎ ስለተፈጠረው መግባቢያ፣ አይደለም የማወራው። የናይጄሪያ ፒጂን ለብቻው ነው፤ የራሱ ሰዋስው አለው፣ ቢቢሲም ከ2017 ጀምሮ በፒጂን አገልግሎት ይሰጣል። የናይጄሪያ እንግሊዝኛ የምንለው ዳኛው፣ መምህሩ፣ ዜና አንባቢው የሚናገረውን ነው።

ግን ከናይጄሪያዊ አፍ የወጣ ሁሉ የናይጄሪያ እንግሊዝኛ ነው? አይደለም፤ ምሁራኑም እንዲህ ብለው አያውቁም። አዮ ባንጆ በ1971 የአገሩን እንግሊዝኛ በአራት ደረጃ አስቀመጠው። የመጀመሪያው የአፍ መፍቻው ቋንቋ ክፉኛ የተጫነው፣ ከሠፈሩ ሲወጣ የማይገባ ነው። ሁለተኛው ይሻላል። ሦስተኛው ሰዋስው ላይ ከእንግሊዞቹ ብዙም የማይርቅ፣ ድምፁና አንዳንድ ቃሉ ግን ናይጄሪያዊ የሆነ፣ የትም አገር ቢናገሩት የሚገባ ነው። አራተኛው ለንደን ተወልዶ ያደገ ሰው እንግሊዝኛ ነው። ባንጆ መለኪያ መሆን ያለበት አራተኛው ነው አላለም፤ ሦስተኛው ነው አለ። ምክንያቱም አራተኛውን የአገሩ ሰው አይወድለትም። «ይሄ ደግሞ ማን ነኝ ብሎ ነው አፉን የሚያጣምመው?» ያሰኛል። እንግዲህ መለኪያው ሁለት ጎን አለው፤ ውጭ አገር መግባባት ያስችላል ወይ፣ አገር ቤትስ ሰው ሳይሸማቀቅበት ይቀበለዋል ወይ። ይሄ ሐሳብ ከ50 ዓመት በኋላም አላረጀም።

ሌላው የናይጄሪያው የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ምሁር አዮ ባምግቦሼ በ1998 ጥያቄውን የበለጠ ወደ መሬት አወረደው። አንድ አነጋገር ስህተት ነው ወይስ የአገሩ ወግ ሆኗል የሚለውን በምን እንለያለን? ስንት ሰው ይናገረዋል? ምን ያህል አካባቢ ተዳርሷል? እነማን ናቸው የሚናገሩት፣ መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ ደራሲ አለበት? የት ተጽፎ ጸድቋል? ሰዉስ ስለሱ ምን ይሰማዋል? ከአምስቱ በጣም የሚከብዱት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው አለ። ሚሊዮኖች ቢናገሩትም መጽሐፍ ላይ እስካልሰፈረ ድረስ መምህሩ ተማሪው ደብተር ላይ ሲያየው እጁ ወደ ቀይ እስክሪብቶ ነው የሚሄደው፤ ምን ይዞ ትክክል ነው ይበል? የሚያመሳክረው መጽሐፍ ከለንደን የመጣው ብቻ ነው።

ተቃራኒውን ወገን ማቃለል አልፈልግም። በ1990 ገደማ ራንዶልፍ ኩዊርክ የሚባል ትልቅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሊቅ ይሄን የየአገሩን እንግሊዝኛ የማክበር ነገር አጥብቆ ነቀፈ። ልጆቹ የሚማሩት ዓለም የሚቀበለውን እንግሊዝኛ አግኝተው እንጀራ እንዲበሉበት ነው፤ «የናንተም ልክ ነው» ብሎ በሩን መዝጋት እነሱን መበደል ነው የሚል ነበር ክርክሩ። ልጃቸውን ለማስተማር ያላቸውን የሚያፈሱ ወላጆች ይሄ አይጠፋቸውም። የካሽሚር ተወላጁ ብራጅ ካችሩ በ1991 መለሰለት። በህንድ ወይም በናይጄሪያ እንግሊዝኛ የሚናገረው ሰው ዘላለም ተማሪ አይደለም፤ አድጎበታል፣ ሕግ ያወጣበታል፣ ይጽፍበታል። ሰዉ በተግባር የማይደርስበትን የለንደን መለኪያ ሰቅሎ ሁሉንም ወዳቂ ማድረግ ነው በደሉ አለ። እኔ ከካችሩ ጋር ነኝ። የኩዊርክ ፍርሃት መልሱ ደግሞ የባንጆ ሦስተኛ ደረጃ ነው፤ የትም የሚገባ፣ ግን የራስ የሆነ።

ታዲያ ኦክስፎርድ ምን አደረገ? የኦክስፎርድ መዝገብ ታሪካዊ መዝገብ ነው። አንድ ቃል የሚገባው አዘጋጆቹ ስለወደዱት አይደለም። ከጋዜጣ፣ ከልቦለድ፣ ከኢንተርኔት የተለያዩ ሰዎች ለዓመታት ሲጠቀሙበት የሚያሳይ ማስረጃ ይለቀማል፣ ከነዓመተ ምሕረቱ። ከገባ ደግሞ አይወጣም። ስለዚህ እነ ዳንፎ መግባታቸው የሚመሰክረው ናይጄሪያውያን እነዚህን ቃላት ለረጅም ጊዜ በጽሑፍ ሲጠቀሙባቸው መኖራቸውን ነው። ማስረጃውን የፈጠሩት እነሱ ናቸው። ከዚያም በኋላ አገር ጥሎ ወደ ውጭ መውጣትን የሚገልጸው «ጃፓ» ተጨምሯል፤ ይሄ ቃል ለእኛም ቅርብ ስሜት አለው። ግን ማኳሪን አስታውሱ፦ ኦክስፎርድ ውስጥ እነዚህ ቃላት አጠገብ «የናይጄሪያ እንግሊዝኛ» የሚል ምልክት አለ። ለንደንም ሌጎስም ያለ አንባቢ እንዲረዳው ተገቢ ነው፤ ያም ሆኖ እንግዳ ናቸው።

ከመዝገበ ቃላት ያነሰ ወሬ የሚወራለት ግን ከባድ ሥራ ሌላም አለ። ከ1990 አካባቢ ጀምሮ የየአገሩን እንግሊዝኛ በአንድ ዓይነት አሠራር የሚሰበስብ ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት አለ። ከየአገሩ 500 ናሙና፣ እያንዳንዱ ሁለት ሺህ ቃል ገደማ፣ በጠቅላላ አንድ ሚሊዮን ቃል። ከጠቅላላው 60 በመቶው ንግግር ነው፦ የስልክ ወሬ፣ የፍርድ ቤት ክርክር፣ የክፍል ትምህርት። የናይጄሪያው ክምችት ተጠናቋል፤ ሥራውን የመሩት ግን ጀርመን አገር ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ምስጋና ይገባቸዋል፤ እዚያው ኢባዳን ወይም ሌጎስ ተመርቶ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር።

ስልካችሁ ላይስ? ኮምፒውተሮች አንድን እንግሊዝኛ የሚለዩት የቋንቋውን ሁለት ፊደልና የአገሩን ሁለት ፊደል አጣምረው ነው። ይሄን መለያ ያገኘ አገር ሁሉ ግን እንግሊዝኛው ታውቆለታል ማለት አይደለም፤ ዋናው ከመለያው ጀርባ ምን አለ የሚለው ነው። ጉግል በ2019 ካርታው ላይ መንገድ የሚጠቁም በናይጄሪያ አነጋገር የተዘጋጀ ድምፅ አወጣ። የሌጎስ ሾፌር የመንገዱን ስም እንደሚጠራው አድርጎ የሚጠራለት ማሽን አገኘ፤ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእኛስ? የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፣ ዩኒቨርሲቲውም በእንግሊዝኛ ነው። በየዘመኑ ህንዳውያን መምህራን አስተምረውናል፣ ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተዋል። ሆኖም «የኢትዮጵያ እንግሊዝኛ» የሚባል የጸደቀ ነገር የለም፤ ቶሎ ይመጣል ብዬም አላስብም። ያነሰ ስለተማርን አይደለም። ሁለት ኢትዮጵያውያን ሻይ ቤት ተቀምጠው በእንግሊዝኛ አይጣሉም፣ አይቀልዱም፣ ዋጋ አይከራከሩም። ይሄ ሁሉ የሚሆነው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ነው። እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥና ወረቀት ላይ ቀርቷል። እርስ በርስ የማይወራበት ቋንቋ የአገር መልክ አይይዝም፤ ለዚህም ማዘን ያለብን አይመስለኝም።

አሁን ናይጄሪያ ያለችበት ቦታ ይሄ ነው። የምዕራብ አፍሪካ የፈተናዎች ምክር ቤት የሚባለው፣ በ1952 የተቋቋመው ተቋም፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይፈትናል። የእንግሊዝኛው ፈተና የድምፅ ክፍል አለው፤ ከተሰጡት ቃላት ውስጥ አንድ ዓይነት አናባቢ ያላቸውን ምረጥ ይላል። መለኪያው የእንግሊዝ አነጋገር ነው። ለብዙ ናይጄሪያዊ ደግሞ መርከቡም «ሺፕ» ነው፣ በጉም «ሺፕ» ነው፤ ልክ እኛ በፊደላችን ስንጽፋቸው እንደሚመሳሰሉት። ተማሪው መምህሩ ሲናገረው ሰምቶት የማያውቀውን ልዩነት ሸምድዶ ይገባና ይፈተናል። ነጥቡ ዩኒቨርሲቲ መግቢያው ነው።

ከተመረቀ በኋላ ደግሞ እንግሊዝ አገር ለመሄድ ያመለክታል እንበል። የብሪታንያ መንግሥት ዜጎቻቸው የእንግሊዝኛ ፈተና እንዳይወስዱ ነጻ ያደረጋቸው አገሮች ዝርዝር አለው። አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ አሜሪካ አሉበት፤ ጃማይካ፣ ጋያና፣ ማልታም አሉበት። ከአፍሪካ አንድም አገር የለም። ምክር ቤቷ ሕግ የሚያወጣው፣ ፍርድ ቤቷ የሚፈርደው በእንግሊዝኛ የሆነው ናይጄሪያም የለችበትም። ዜጋዋ እንግሊዝኛ ማወቁን በፈተና ውጤት ወይም በእንግሊዝኛ የተማረውን ዲግሪ በማቅረብ እንዲያሳይ ይጠየቃል፤ ፈተናው ደግሞ ገንዘብ ነው። ናይጄሪያውያን ይሄን ሲቃወሙ ቆይተዋል፣ እውነት አላቸው።

የቪዛውን ዝርዝር መቀየር የለንደን ሥልጣን ነው፣ በልመናም በጫናም ይሞከራል። የፈተናው ወረቀት ግን በምዕራብ አፍሪካውያኑ በራሳቸው እጅ ነው ያለው። የናይጄሪያን እንግሊዝኛ የሚመዘግቡ መዝገበ ቃላት እዚያው አገር ተዘጋጅተዋል፣ ሊቃውንቱም አሉ፣ የባንጆ ሦስተኛ ደረጃም ከ1971 ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል። የጎደለው አንድ የፈተና አዘጋጅ የድምፁን ጥያቄ ሲያወጣ የለንደኑን መጽሐፍ ትቶ ይሄንን ጠረጴዛው ላይ መዘርጋቱ ነው።